ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ፖሊስ፦ የወንጀል ድራማ በከተማው ጫፍ

(በአያት በኩል ለተሰበሰቡ ወጣት የስክሪፕት ጸሐፊዎችና የቀረጻ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርእሳችን በቴሌቪዥን ብዙ የተሠራበት የታሪክ ዓይነት ነው። ሕግ አስከባሪ ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለሳል፤ ወንጀል ይጠብቀዋል፤ የሚፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ አብሮ አደጎቹ ናቸው። ይህን ከውጭ ቀድቶ ማምጣት ቀላል ነው፤ ለገጣፎ ወይም ቱሉ ዲምቱ መሬት ላይ ማቆሙ ግን ይከብዳል። እንዲህ ያለው ድራማ የሚቆመው ፖሊሱ በሥልጣኑ ማድረግ የሚገባውና በዘመድነቱ ማድረግ የሚያቅተው ነገር በአንድ ትዕይንት ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ደራሲው ሁለቱንም ሕግ ማወቅ አለበት፤ የምርመራውንም የእድሩንም።

ለመነሻ የሚሆነን «ጀስቲፋይድ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 2010 እስከ ኤፕሪል 2015 በኤፍ ኤክስ ጣቢያ ታየ፤ ስድስት ሲዝን፣ በእያንዳንዱ 13 ክፍል፣ በጠቅላላው 78። ግርሃም ዮስት ያዘጋጀው ከኤልሞር ሌናርድ አጭር ልቦለድ ተነሥቶ ነው። ሬይላን ጊቨንስ የፌዴራል ማርሻል ነው። ማያሚ ላይ አንዱን ወንበዴ «በ24 ሰዓት ከተማዋን ለቀህ ውጣ» ይለዋል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ተኩሶ ይገድለዋል። ቅጣቱ ዝውውር ነው። ወደ ኬንታኪ፣ ወደ ሌክሲንግተን ቢሮ ይላካል፤ ሥራው ከዚያ ወደ ተወለደበት የድንጋይ ከሰል አገር፣ ወደ ሃርላን ይጎትተዋል። አባቱ አርሎ ወንጀለኛ ነው፤ ዋናው ባላንጣው ቦይድ ክራውደር ደግሞ በወጣትነታቸው አብሮት ከሰል የቆፈረ ሰው።

ቦይድ በልቦለዱ ይሞታል፤ በድራማውም የመጀመሪያ ክፍል እንዲሞት ታስቦ ነበር። በሕይወት እንዲቆይ ተደረገና እስከ 78ኛው ክፍል የድራማው ሁለተኛ ምሰሶ ሆነ። እኛ ዘንድ የክፉውን ሰው ዕድሜ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የተዋናዩ ክፍያ ነው፤ መሆን ያልነበረበት። አንድን ባላንጣ በስክሪፕት ከመግደላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ጀግናውን ዩኒፎርም ሳይለብስ በፊት የሚያውቀው ሌላ ገጸ ባሕርይ ቀርቷል ወይ? ካልቀረ አትግደሉት። የሚገድለው ካለ ደግሞ በ13ኛው ክፍል ይግደለው።

ከዚያ ድራማ የምንወስደው ሌላው ትምህርት ብዙም አይወራለትም። የአሜሪካ ማርሻሎች ሥራ ያመለጠ እስረኛ ማሳደድ፣ ፍርድ ቤት መጠበቅ፣ እስረኛ ማጓጓዝና ምስክር መከላከል ነው። ተራ የነፍስ ግድያ ምርመራ የእነሱ አይደለም፤ የአካባቢው ሸሪፍና የግዛቱ ፖሊስ ነው። እናም ጸሐፊዎቹ ሬይላንን ወደ ሃርላን በላኩት ቁጥር «በምን ሥልጣን?» ለሚለው መልስ ማበጀት ነበረባቸው፤ አንዴ እስረኛ አምልጦ፣ ሌላ ጊዜ ምስክር ጠፍቶ። ምርጥ ትዕይንቶቻቸው ከዚህ ገደብ ነው የወጡት። የእኛ ፖሊስ ግን በየድራማው ሁሉን ቻይ ነው፤ ሁሉን ከቻለ ደግሞ የሚያጨናንቀው ነገር አይኖርም።

እንግዲህ ወደ እኛ ሰው እንምጣ። በምን ምክንያት ተመለሰ? በየትዕይንቱ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ይህ ነው። በዝውውር የመጣ መርማሪ መዝገብ ይከፍታል፣ ተጠርጣሪ ይይዛል፣ ከፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ ይጠይቃል። በዓመት ፈቃዱ ለለቅሶ የመጣ ግን እዚህ ሰፈር እንደማንም ሰው ነው፤ ያየውን ይመሰክራል፣ ከጣቢያው ኃላፊ ጋር ሻይ እየጠጣ ሐሳብ ይሰጣል፣ አበቃ። ከሥራ የታገደው መሣሪያውን አስረክቧል። ጡረታ የወጣው የቀረው የሰፈሩ ሰው ትዝታ ብቻ ነው። ለ13 ክፍል የሚበጀው ዝውውሩ ነው፤ ያውም ያልፈለገው ዝውውር። ማዕረጉን ደግሞ አታሳብጡት። ኮማንደር በር ለበር እየዞረ ጎረቤት ሲጠይቅ በድራማ ብቻ ነው የምናየው። በር የሚያንኳኳ፣ ቃል የሚቀበል፣ መዝገብ ተሸክሞ ዐቃቤ ሕግ ጋ የሚሄድ ሰው ከፈለጋችሁ ዋና ሳጅን ወይም ምክትል ኢንስፔክተር አድርጉት፤ ከበላዩ የሚያዝዘው ሰው ይኑር።

ቀጥሎ፣ የየትኛው ፖሊስ? በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል፤ አንዳንድ ቦታ አስፋልቱን ስትሻገሩ አዲስ አበባ ነው። ወዲህ ማዶ ምርመራው የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ ክሱ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መዝገቡ በአማርኛ። ወዲያ ማዶ የኦሮሚያ ፖሊስ፣ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ። የሟች ቤት ወዲህ ሆኖ ሬሳው ወዲያ ባህር ዛፍ ውስጥ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ክፍል ግማሽ ተጽፎ አለቀ ማለት ነው፤ ማን ይይዘዋል፣ ኤግዚቢቱ የት ይቀመጣል፣ የትኛው ጣቢያ ለየትኛው ደብዳቤ ይጽፋል። የጫፍ ሰፈር ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ እየቀላቀለ ነው ያደገው፤ ስለዚህ ገበሬው ምስክር በአፋን ኦሮሞ ይናገር፣ ከታች በአማርኛ ይጻፍ። ተመልካቹ ማንበብ አይሰንፍም። ገበሬን በተሰባበረ አማርኛ እያናገሩ ማሳቅ ግን ያረጀ መጥፎ ልማድ ነው።

የወንጀሉ ሥር ምን ይሁን? ከተማው ጫፍ ላይ መልሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መሬት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሰው ግን ይዋዋላል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቤት ነው፤ የሚለካው ቦታው ነው። ከዚህ ስንት ዓይነት ወንጀል ይወጣል! አንድ ቦታ ለሁለት ገዢ ይሸጣል። የሞተ ሰው ውክልና ይሰጣል። ሌሊቱን ጨረቃ ቤት ቆሞ ያድራል፣ ጠዋት የሰፈረበት ሰው «አሥር ዓመቴ ነው» ይላል። ደላላው ሻጩንም ገዢውንም ያውቃል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ነፍስ ማጥፋቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ይመጣል።

የቤተሰብ ቂም ስትጽፉ ዘመኑን አስተካክሉ፤ ሒሳቡ ይለያያልና። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ከይዞታው ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው ከመነሣቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። ቀድሞ የተነሣው ወንድምና ኋላ የተነሣው ወንድም አንድ አጥር ተካፍለው የያዙት ብር ለየቅል ነው። ሌላ ጠብ መፍጠር ሳያስፈልግ ይህ ብቻውን ሁለት ወንድማማቾችን ለአንድ ሲዝን ያኮራርፋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የወንጀል ድራማ ያለ ሰዓት ልል ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን የተዘጋጀ ሰዓት ይሰጠናል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። ሁለት ቀን፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፤ ሠላሳ። አንድ ሲዝን በአንድ የኢትዮጵያ ወር ልክ ተጠቀለለ። ክፍል 3 ላይ ይያዝ፣ ክፍል 4 ችሎት ይቅረብ፣ ክፍል 8 ላይ ሁለተኛው ቀጠሮ፣ ክፍል 12 ላይ ዳኛው «እስካሁን ምን ሠራችሁ?» ይበሉ።

ወሩን ኅዳር አድርጉት ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ግድያው ኅዳር 11 ሌሊት ይፈጸም። በማግስቱ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ እንደተለመደው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠራርጎ ያቃጥላል። ደም የነካው ልብስ በሺህ ጭስ መካከል አንድ ጭስ ይሆናል፤ መርማሪው የቱን አመድ ይበትን? ተጠርጣሪውን ኅዳር 14 ማታ ያዙት። በማግስቱ የነቢያት ጾም ስለሚገባ የቅበላ ሥጋ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቧል፤ የሚይዘው ሰው ደግሞ በዚያው ገበታ ሲበላ ያደገ ነው። ከኅዳር 15 በኋላ ግን ተጠንቀቁ። የሚጾም ገጸ ባሕርይ ጥብስ ሲያዝ ከታየ ተመልካቹ ስለ ገዳዩ ማሰብ ትቶ ስለ እናንተ ስንፍና ያወራል።

በሕጉ በኩል በተደጋጋሚ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የእኩለ ሌሊት ብርበራ ካማራችሁ ፈቃዱ ላይ ያንን ያጻፈውን ሰው አሳዩን። በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው በክፍል 5 በዋስ ወጥቶ ካፌ መቀመጡ አይሆንም፤ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስከትል በሚችልና ሰው በሞተበት ጉዳይ ሕጉ ዋስትና ይከለክላል። የስልክ ጥሪ ዝርዝር በትእዛዝና በደብዳቤ የሚመጣ ነገር ነው፤ በክፍል 4 ተጠይቆ በክፍል 7 ይድረስ። የአስከሬን ምርመራ ውጤትም እንደዚሁ። እና ጥፊው! መርማሪው ተጠርጣሪውን በጥፊ ሲመታ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ተጠርጣሪው ያምናል፣ ክፍሉ ያልቃል። ተጠርጣሪ እንዲናገር አይገደድም፤ በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ማስረጃ አይሆንም። ጥፊውን ከፈለጋችሁት ይኑር። ግን በክፍል 4 የወረደ ጥፊ በክፍል 12 መዝገቡን ሊያዘጋ መቅረብ አለበት።

እድሩ ጋ ስንደርስ ጉዳዩ ይሰፋል። ሟች የእድር አባል ነው፤ ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ይዞራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል። መርማሪው ምን ያድርግ? ድንኳኑ ውስጥ ካልተቀመጠ ሰፈሩ አይምረውም፤ ከተቀመጠ በቀኝና በግራው ያሉት ምስክሮቹ ናቸው፣ ምናልባትም ገዳዩ ንፍሮ ሲያዞር ያገኘዋል። ይህን ትዕይንት አታሳጥሩት፤ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይሸከማል። ማንም ስለ ወንጀሉ አያውራ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ይውራ።

ከዚያ መዝገቡ። እድር ከቀብር መልስ ስም ይጠራል፤ ቀሪ ይቀጣል። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚያውቁት ያ ደብተር በሰፈሩ ያለ ከሁሉ የታመነ የ«የት ነበርክ» ማስረጃ ነው። «ቀብር ላይ ነበርኩ» ያለው ሰው ስሙ አጠገብ የቅጣት ብር ከተጻፈበት፣ ካሜራም አሻራም ሳያስፈልግ ተያዘ። ግን ጸሐፊው ደብተሩን ለፖሊስ ይሰጣሉ ወይ? እሳቸው መርማሪውን ፊደል ያስቆጠሩ የኔታ ቢሆኑስ? በእድር የተጻፈ በእድር ይቀራል ቢሉትስ? የውጭውን ድራማ ሸሪፍ ወደዚህ ማምጣት የማያስፈልገን ለዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹም አሉ። የሟችና የተጠርጣሪ ቤተሰብ እንዲታረቁ ሽማግሌ መላኩ በእኛ አገር እውነት ነው፤ እርቁ ግን የነፍስ ግድያ ክስን አያስቀርም፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። የመርማሪው አጎት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይሁኑ። ጣቢያ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ እኛ ጨርሰነዋል» ሲሉት የሚመልሰው አጭር መልስ ከማንኛውም ተኩስ ይከብዳል።

በንግግር ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ማን አንተ ይለዋል፣ ማን እርስዎ? ቡና የምታፈላው እትዬ በልጅነት ስሙ ትጥራው። አብሮ አደጉ በሰው ፊት «ኢንስፔክተር» እያለ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ አንተ ይበለው። በምርመራ ክፍል ውስጥ በድንገት እርስዎ ብሎ የጀመረ ቀን ተመልካቹ አንድ ነገር እንደተሰበረ ይገባዋል፤ ተዋናዩ ፊቱን ማጨማደድ አያስፈልገውም።

ቀረጻውን በሚመለከት። «ጀስቲፋይድ» የኬንታኪን ሸለቆ አብዛኛውን የቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ አረንጓዴ መሆን የነበረበት ኮረብታ በብዙ ትዕይንት ደርቆ ይታያል። እኛ ዘንድ የእሱ ተመሳሳይ ጫፍ ሰፈርን ቦሌ ቪላ ግቢ ውስጥ መቅረጽ ነው፤ አጥሩ፣ ሴራሚኩ፣ የተከረከመው ሣር ይናገራል። ማሳው እዚሁ አጠገባችን ነው። በኅዳር ጤፉ ቆሟል፣ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማ ይወጣል፤ ከኋላው ኮንዶሚኒየሙ። አንድ ቃል ሳይነገር ቀኑ ሲሄድ ይታያል።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። 13 ክፍል፣ በእያንዳንዱ 45 ገጽ፣ 585 ገጽ። በቀን ስድስት ገጽ ብትቀርጹ ወደ 98 የቀረጻ ቀን ነው፤ ጤፉ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ በቅደም ተከተል አትቅረጹ። ማሳ የሚታይባቸውን የሁሉንም ክፍሎች ትዕይንት ለይታችሁ አውጡ። የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ከሆኑ 117 ገጽ ናቸው፣ 20 ቀን ያህል። ቆሞ ያለውን መጀመሪያ፣ ክምሩን ቀጥሎ፣ ገለባውን መጨረሻ። ጣቢያውን፣ ችሎቱንና የቤት ውስጡን ለጥርና ለየካቲት አቆዩ። ይህ እንዲሆን ግን 13ቱም ስክሪፕት ከኅዳር በፊት አልቆ መቀመጥ አለበት፤ በየሳምንቱ እየጻፉ በየሳምንቱ የሚያስተላልፉ ሰዎች አይችሉትም። ሳምንታዊ ድራማዎቻችን መሐል ላይ የሚደክሙትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ብርሃኑ አጭር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያ ውስጥ ከአንድ ትዕይንት በላይ አታቅዱ፣ ልምምዱን በፀሐይ ጨርሱ። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ ሹተሩን 1/50 ሴኮንድ አድርጉ፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነውና ከእሱ ጋር በማይገጥም ፍጥነት የጣቢያው ፍሎረሰንት ሊርገበገብ ይችላል። ድምፅ ላይ ጄኔሬተሩን ከቤት ጀርባ፣ ገመዱ እስከፈቀደ ድረስ አርቁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከመጣ ንግግሩ ጠፋ፤ በኅዳር መቅረጽ እዚህም ላይ ያተርፋል። በየቦታው የአንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቅረጹ፤ ሌሊት ከሆነ ውሻውም ጅቡም ይግባ።

ዩኒፎርምና የመሣሪያ ማስመሰያ ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ አይወጣም። ለአካባቢው ፖሊስ በጽሑፍ፣ ለጎረቤት ደግሞ በቃል አስቀድሞ መንገር ግድ ነው፤ የጽሑፉን ቅጂ ረዳት ዳይሬክተሩ በኪሱ ይያዝ። ተኩሱን በስቱዲዮ ጨምሩት። በሌሊት ጫፍ ሰፈር የተሰማ ጥይት ሰው ከቤት ያስወጣል።

መጨረሻውን ችሎት ውስጥ አድርጉት። ዐቃቤ ሕጉ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ልክሰስ ወይስ በ540 ብሎ ይወስናል፤ የመጀመሪያው አስቦና አቅዶ ለተፈጸመ ከባድ ግድያ ነው፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፤ ሁለተኛው ከአምስት እስከ 20 ዓመት። ልዩነቱን የሚፈጥረው መርማሪው የሰበሰበው ነው፤ ገዳዩ ቤንዚኑን የገዛው ኅዳር 10 ነው ወይስ ኅዳር 12 ጠዋት? ይህን የሚያውቅ ደግሞ አንድ የሰፈር ባለሱቅ ብቻ ይሁን፣ ለመርማሪው ቤተሰብ ስኳር በዱቤ የሰጠ። ከዚያ መርማሪው ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ተከላካይ ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ስለ አመዱና ስለ ስልኩ ምንም አይጠይቀው። «ከሟች ቤተሰብ ጋር ምን ዝምድና አለዎት?» ይበለው፤ ቀጥሎ «ድንኳኑ ውስጥ ስንት ቀን ተቀመጡ?» ከዚያም «ከተከሳሹ እናት እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የበሉት መቼ ነው?» ካሜራው ሦስቱንም መልስ ሳይቆርጥ ይያዝ፤ ለተዋናዩ ከዚህ በላይ የምታዘጋጁለት ነገር የለም።

ጥያቄ ካለ እንቀጥል።